አራት ሰከንድ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለዶክተራችን። እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴ ከሚነዘንዘኝ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ መጽሐፍሽን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች፣ እጁን ሳይታጠብ ግን ማንንም አታስነካም።

ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ ትምህርት ቤት የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ክፍል ጥግ ተቀምጠሽ፣ መምህር ከጠየቀ በኋላ መልስ ለመስማት ስንት ሰከንድ እንደሚታገስ ቆጠርሽ። ለቀዩ ልጅ አራት፣ ለጥቁሩ አንድ። እጄን በአፌ ጫንኩ። እንዲህ ያለ ነገር በሰከንድ ይቆጠራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰዓቴን ይዤ አራት ሰከንድ ዝም ብዬ ሞከርኩት፤ ለካ ረጅም ነው።

ፀጉር አስተካካያችንም አንብቦታል። "ያ ጥቁሯን ልጅ 'እንድትታዪኝ ፈገግ በይ' እያለ ክፍሉን የሚያስቀው መምህር፣ ስሙን ለምን አልጻፈችውም?" አለኝ። ምላጩ አንገቴ ላይ ነበር። "በዚያ ዘመን እንዲህ የሚቀልድ ብዙ ነው" አልኩት።

ቤት ስገባ የክፍላችሁን ፎቶ ከግድግዳው አውርጄ አየሁት። አርባ ስድስት ልጅ ይስቃል፤ ያንቺ አፍ ብቻ ተዘግቷል።

መጽሐፉ ዳግም ሲታተም የምትጨምሪበት ስም ይኖር ይሆን? እናትሽ እንዳትጠይቀኝ ብዬ ነው።

በያለሽበት ጤና አይለይሽ። መልሱን ሳትቸኩዪ ጻፊልኝ፤ አሁን መጠበቅ ተምሬያለሁ።

አጎትሽ፣
የሦስተኛ ክፍል መምህርሽ