የማይቀየረው ዘይት

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወንድምሽም ደህና ነው፤ እንደ ልማዱ ይበላል፣ ይጮኻል፣ ኳስ ይጫወታል።

ከባሕር ማዶ የላክሽልኝን ደብዳቤ አገላብጬ አነበብኩት። «ለጥናቴ ስለሚጠቅመኝ ነው፤ እኔን አርግዘሽ ሳለሽና ጡት ስታጠቢኝ ምን ዓይነት ቅባት ትበዪ ነበር?» ብለሻል። እመልስልሻለሁ። በቅድሚያ ግን የእኔን ጥያቄ መልሺ።

አንዷ እናት አይጥ የዓሣ ዘይት፣ ሌላዋ የመጥበሻ ዘይት ስትመገብ ቅባቱ በወተቷ ወደ ልጆቿ ያልፋል፣ የልጆቹም ሰውነት ለብግነት፣ ማለትም ለማበጥና ለመቆጣት፣ ያለው ጠባይ ይለያያል ብለሽ ጽፈሻል። መልካም። ታዲያ አይጥ እንዴት ትታለባለች? ማን ይይዛታል? በምንስ ዕቃ? እንዲህ ያለውን ዋና ነገር ዘልለሽ ማለፍሽ ገርሞኛል።

አሁን ወደ መልሴ ልምጣ። ያን ጊዜ ያማረኝ የነበረው ከመንገዱ ማዶ ባለው ሱቅ የሚሸጠው፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ነው። አባትሽ ከሥራ ሲመለስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣልኝ ነበር። ሳጠባሽም አልተውኩትም። ዓሣ ያን ጊዜም አልወድም፣ አሁንም አልወድም።

ጎደሎ መልስ ስለማልወድ ከአክስትሽ ጋር ወደ ሱቁ ሄድን። ባለሱቁ ሰውዬ ሞቷል፤ አሁን መጥበሻው ላይ ያለችው ልጁ ናት።

«አባትሽ ዘይቱን በየስንት ጊዜው ነበር የሚቀይረው?» አልኳት።

«ዘይት አይቀየርም እኮ፣ እማማ። ሲጎድል ይጨመርበታል እንጂ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነዋ። ጣዕሙስ ከየት የመጣ መሰለዎት?»

አክስትሽ ሳቋን ለቀቀችው። «እንግዲያው ያኔ ከአንቺ የተረፈው ዘይት አሁንም እዚያ ውስጥ አለ!» አለችኝ። ልጅቷ ተቀይማ የእኛን ዳቦ ለሌላ ሰው ሸጠችው። እኔ በጠርሙስ ትንሽ ቀድቼ ልልክልሽ አስቤ ነበር፤ አክስትሽ ግን «ይኼን ጥቁር ነገር ይዘሽ ፖስታ ቤት ግቢና ፖሊስ ሲጠራብሽ እኔ አላውቅሽም» አለች።

ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ሴት ናት፤ ስትሰማ አትቸኩልም። «ዓሣና ተልባ ውስጥ ያለው ቅባት ብግነትን ያበርዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ» አለችኝ። «እየደጋገሙ የሚጠብሱበት ዘይትም አይመከርም። ነገር ግን እናት ያን ጊዜ የበላችው የልጇን ሕመም አመጣ ብሎ መፍረድ ማንም አይችልም። አይጥ ላይ የታየው ሁሉ ሰው ላይ አይታይም።»

የጉልበትሽን ሕመም አንቺ ስላላነሳሽው እኔ ላንሳው። ትምህርት ቤት ሳለሽ ጀምሮ መገጣጠሚያሽ እያበጠ፣ ጠዋት ጠዋት ደረጃውን በመቀመጫሽ ስትወርጂ አይቻለሁ። ከዚያ መጥበሻ የመጣ ነው ወይ? እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ግን አላውቅም። ወንድምሽም በዚያው ዘይት ነው የተሠራው፤ ጉልበቱ ግን እንደ በር መቀርቀሪያ ጠንካራ ነው። ሁለት ልጅ ለጥናት አይበቃም እንደምትዪ አውቃለሁ። ያሉኝ ግን ሁለት ናችሁ።

ሌላም አለ። ከጥያቄዎችሽ በታች በትንንሽ ፊደል «ማቅለሽለሹ በስንተኛው ወር ይተዋል?» የሚል ጨምረሻል። ሐኪሟን አይጦቹንም ያቅለሸልሻቸው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አይጥ ጭራሽ ማስመለስ አትችልም አለችኝ። ይህን ባለማወቄ ተገረምኩ። ለማንኛውም እኔን በአራተኛው ወር ተወኝ።

ከእንግዲህ በዚህ አልጠይቅሽም። ባለፉት ጊዜያት ቶሎ ነግረሽን፣ ሳይጸና የቀረውን አብረን አልቅሰናል። ዝም ማለትሽ ይገባኛል። የሚያሳስበኝ በስልክ ድምፅሽ ቀጥኖ መስማቴ ነው። ስለ ቅባት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ነገር ግን ጉሮሮሽን በፍርሃት አትዝጊው። የምትመርጪውን ምረጪና በደንብ ብይ።

ፓስፖርቴን አሳድሻለሁ። አክስትሽ ፎቶዬን አይታ «ማን ጠራሽና ነው?» አለችኝ።

«እስካሁን ማንም» አልኳት።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የያዝሽውንም በሰላም ከዳር ያድርስልሽ።

እናትሽ