የቱሪድ ጫካ ሲሸጥ

ረቡዕ፣ ኦገስት 23፣ 2017

ልትሸጠው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ደውላ ነገረችኝ፤ የደም ናሙናዎቹን እንደያዝኩ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጉልበቷ እምቢ ብሏታል፣ ባሏ አርነ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ልጅ የላቸውም። «ለደላላ ከመስጠቴ በፊት ለአንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ጅል።

ቱሪድ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ላቦራቶሪ ውስጥ አለቃዬ ነበረች። ስድስት ዓመት ሙሉ በየሴፕቴምበሩ ወደዚያ ጫካ ይዛኝ ሄዳለች፤ ከኦስሎ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት መንገድ። አርነ በእጁ የሠራት ትንሽ የእንጨት ቤት አለች፣ ሂታ የሚሏት ዓይነት። ካዛንቺስ ተወልጄ ያደግኩት እኔ፣ ጠመንጃ በፊልም ብቻ የማውቀው፣ በእሷ የተነሳ የአደን ፈተና ተፈትኜ አለፍኩ። አራት ዓመት ኤልግ ጠብቄያለሁ፤ በሬ የሚያክል አጋዘን ነው። አንድ ጊዜ ተኩሼ ሳትኩት። ለባሌ ለግርማ ግን «አዘንኩለትና ተውኩት» ነው ያልኩት።

መሬቱ ትንሽ ነው። ግን ባለቤቱ በአካባቢው የአደን ቡድን ውስጥ ቦታ ያገኛል፣ ዋጋውን ያሳበደውም ይኸው ነው። ድሮ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አገር ነበር ትላለች ቱሪድ። አሁን የኦስሎ ሰው ጫካ ካልገዛ ሰው የሆነ አይመስለውም።

የነገረችኝን ዋጋ እንችለዋለን። ችግሩ ገንዘቡ ስም አለው፦ የአዲስ አበባ ቤት።

ሐሙስ፣ ኦገስት 24

ለግርማ ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ።

«ሰው አገሩ ላይ ቤት ሳይኖረው ሰው አገር ጫካ ይገዛል?»

አሥራ አንድ ዓመት ነው ለዚያ ቤት የምናጠራቅመው። ወንድሙ ታደሰ አዲስ አበባ ሆኖ ይፈልግልናል፤ ባገኘ ቁጥር ዋጋው ካለን በላይ ሄዶ ይጠብቀናል። ይህን አልኩት። ደግሞ ልጃችን ሊያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ኦስሎ፣ ፉሩሴት ሰፈር ተወልዳ፣ አገሬ የምትለው የትኛውን ነው? አልኩት። እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ አለ። ሊያ ከክፍሏ ሆና «ማማ፣ ይሰማል» አለች በአገሬው ቋንቋ፣ በኖርሽክ።

ተኮራረፍን። ሻይ አፍልቼ ለራሴ ብቻ ቀዳሁ። በኋላ ራሱ መጣ፦ ለማየት አይከፈልም፣ ቅዳሜ እንሂድ። ግን ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ እንዳልስቅ። «ፊትሽን እዪው እስቲ፣ ገና ሳንሄድ ገዝተሽዋል።»

ልክ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አየሁት።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 26

ቱሪድ ዋፍል ጋግራ ጠበቀችን። ፀሐይ ነበረች፣ ረግረጉ ዳር ያለው ሣር ቢጫ ሆኗል። እኔ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ ሰዓቴን አየሁ። እናቴ መርካቶ ይዛኝ ስትሄድ ያስተማረችኝ ነው፤ የወደድሽውን ዕቃ እንዳታዪው፣ አጠገቡ ያለውን እዪ።

ግርማማ ምኑ ቅጡ። የሕንፃ መሐንዲስ ነው፣ ስህተት መፈለግ እንጀራው ነው። ጣሪያው አርጅቷል፣ በጭስ ማውጫው በኩል ያፈሳል። መንገዱ በበረዶ ይዘጋል። ውሃ የለም። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። ዛፉ ገና ለጋ ነው፣ ለጣውላ ሃያ ዓመት ይፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ይህ ዋጋ ትንሽ አልበዛም ወይ? አላት። በትህትና ነው ያላት፣ እንዲያውም ፈገግ እያለ። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ጠቀሰኝ።

ቱሪድ «ያ፣ ያ» ትል ነበር፣ አዎ አዎ ማለቷ ነው፣ እነሱ እንደሚያደርጉት ትንፋሿን ወደ ውስጥ እየሳበች። የተረፈውን ዋፍል ለሊያ ጠቅልላ ሰጠቻት።

መኪና ውስጥ ግርማ እያፏጨ ነዳ። «ጥሩ ሄደ» አለኝ። እኔም ጥሩ የሄደ መስሎኛል።

እሑድ፣ ኦገስት 27

ከቱሪድ መልእክት። ቃል በቃል ልጻፈው፦ «ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቦታው ለእናንተ እንደማይሆን ገብቶኛል። ረቡዕ ደላላው ያወጣዋል። መልካም እሑድ።»

አምስት ጊዜ አነበብኩት። ለግርማ ሳሳየው ሳቀ። እሷም ዋጋ መያዟ ነው፣ ሻጭ መቼም ትንሽ ካስኬደ በኋላ ከኋላ ይጠራል፣ ታገሺ አለኝ።

ግርማ፣ እዚህ አገር ከኋላ የሚጠራ ሻጭ አይተህ ታውቃለህ? ይህን ግን አልነገርኩትም። እኔም ትጠራናለች ብዬ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 30

ወጣ። ሃያ ስድስት ፎቶ። መነሻ ዋጋው ለእኛ ከነገረችን በብዙ ይበልጣል። ባለፈው ዓመት ከወንዙ ማዶ ያለው ቦታ ከተጠየቀው በላይ ስለተሸጠ ደላላው ሰው ይሻማበታል ብሏታል አሉ።

ሥራ ላይ ሁለት ናሙና ላይ ስም አቀያየርኩ። ደግነቱ ወዲያው አየሁት። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ በአንድ ጫካ ምክንያት የሰው ደም አምታታለሁ።

ግርማ ማስታወቂያውን ሄልስፊር ቢሮው ሆኖ አይቶታል። ደውሎ «ከኋላ አልጠራችንም» አለ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 31

ከዚያ ጫካ የምፈልገው፦
በአደን ቀን ጠዋት ተራዬ የሆነው ቦታ ላይ መቆም፣ አራት ሰዓት ሙሉ፣ ማንም ሳያናግረኝ።
ሊያ ዝም ስትል ማየት። እዚያ ብቻ ነው ዝም የምትለው።
ከየት ነሽ የማይለኝ አፈር።
ረግረጉ ዳር የምትበስለዋን ብርቱካናማ ፍሬ።
የቡድኑ ሽማግሌዎች ሥጋ ሲከፋፈሉ «የቱሪድ ድርሻ» ከማለት «የሰብለ ድርሻ» ሲሉ መስማት። ይሄኛው ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው።

ለቱሪድ ልደውል ብዬ ሦስት ጊዜ ስልክ አነሳሁ። ምን እላታለሁ? ቤትሽን ያጣጣልነው ስለወደድነው ነው? እብዶች ናቸው ትላለች። ስድስት ዓመት አብሬያት በልቼ ጠጥቼ፣ ያን ቀን ሰዓቴን አየሁባት። ከጫካው ይልቅ አሁን እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 3

ለሁሉም ክፍት የሆነው የማሳያ ቀን። ቱሪድ የለችም፣ ደላላው ብቻ ነው ያለው። መኪና መንገዱን ዘግቶት ነበር። አዲስ ቦት ጫማ ያደረገ ሰውዬ ያየውን ሁሉ «ፋንታስቲስክ» ይላል፤ ሽንት ቤቱን ሳይቀር። ለሚስቱ ይህንን አፍርሰን ትልቅ መስኮት ያለው እንሠራለን ሲላት ሰማሁት።

ግርማ ቤቱን ዞረና የግንዶቹ ጫፍ የሚጋጠሙበት ማዕዘን ላይ ቆሞ ቀረ። በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ወደ ረግረጉ ወረደ። ግማሽ ሰዓት ጠፋ። ሲመለስ ጫማው ረጥቧል፣ ምን ስትሠራ ነበር ብለው «ምንም» አለኝ።

ስንመለስ የመጨረሻ ዋጋችንን ተስማማን። ከዚያ በላይ አንድ ክሮነር አንሄድም። የአዲስ አበባው ቤት ገንዘብ በሙሉ ማለት ነው። «በሙሉ» የሚለውን ቃል ያወጣው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 4

ከሥራ፣ በየመሃሉ።

ጨረታው ቀትር ላይ ተጀመረ። በስልክ መልእክት ነው፣ አንድ ሰው ዋጋ ይልካል፣ ሌላው እንዲመልስ ግማሽ ሰዓት ይሰጠዋል። መጀመሪያ አራት ነበርን። ከዚያ ሦስት። ከዚያ እኛና አንድ ሰው።

የመጨረሻችንን ላክን።

አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ አለፈን። በሃምሳ ሺህ ክሮነር።

ለግርማ ደወልኩ፣ «በቃ» አልኩት። «እሺ» አለ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፣ ደም የሚያሽከረክረው ማሽን እየጮኸ ስለነበር ማንም አልሰማኝም። እንባዬን አብሼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቱሪድ ደወለች።

«ባልሽ አሁን ደውሎልኝ ነበር።»

እግዚኦ አልኩ በሆዴ። ደግሞ ምን ብሏት ይሆን?

የነገረችኝ ይህ ነው። ግርማ በዚያ በተሰባበረ ኖርሽኩ፣ ለዋጋ አይደለም የደወልኩት፣ ጨረታውን ተሸንፈናል፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው አላት። በሥራዬ ብዙ ቤት አይቻለሁ፣ አርነ እንዳጋጠመው የግንድ ማዕዘን ግን አላየሁም፤ ምላጭ አያስገባም አላት። ትናንት ረግረጉ ዳር ተቀምጬ፣ ኖርዌይ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ቦታ መሆን አልፈለግኩም አላት። ይህን ለእኔ አልነገረኝም። ለእሷ ነው የነገራት።

«በእናንተ ዘንድ የሚያደንቅ ሰው አይገዛም ይላል» አለችኝ ቱሪድ። «እውነት ነው?»

«ያ» አልኳት። «የሚያጣጥለው የፈለገ ነው።»

«አንቺም ሰዓትሽን ታዪ ነበር፣ ሰብለ።»

«አውቃለሁ። ይቅር በዪኝ። ከዚያ ቦታ በላይ የወደድኩት ቦታ የለኝም። ዕቃ እንደምገዛ ሰው ሆኜ ፊትሽ መቆም አልነበረብኝም።»

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ከዚያ እዚህ አገር ሻጭ ትልቁን ዋጋ የመቀበል ግዴታ እንደሌለበት ነገረችኝ። ደላላው እንደሚቆጣት፣ እሷ ግን በሰባ ስምንት ዓመቷ የደላላ ቁጣ እንደማያስፈራት ነገረችኝ። በዋጋ የበለጠን ያ ባለ ቦት ጫማ ሰውዬ ቤቱን በጸደይ እንደሚያፈርሰው ከደላላው ሰምታለች። «አርነ የሠራውን ያየው ያንቺ ባል ብቻ ነው» አለች።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ የደላላው መልእክት መጣ። ዋጋችሁ ተቀባይነት አግኝቷል።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 5

ከሥራ ስገባ ግርማ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ያየዋል። ለታደሰ መናገር አለበት። ታደሰ በዚህ ሳምንት ደግሞ አንድ ቤት አይቶልናል፣ ሲኤምሲ አካባቢ፣ ፎቶ ልኳል።

ሁላችንም እንድንሰማ አድርጎ ደወለ። መጀመሪያ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ፣ ሰላምታ፣ የእናቱ ጤና፣ ዝናቡ። ከዚያ መሬት ገዛን አለው። እዚህ።

ታደሰ ደግ ሰው ነው። «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ ወዲያው። ስንት ካሬ እንደሆነ ጠየቀ፤ ግርማ ሲነግረው አላመነውም፣ ደግሞ ጠየቀ። «ሊዝ ነው አይደል? ለስንት ዓመት?»

«ሊዝ አይደለም። መሬቱም የኛው ነው። ለሊያ ያልፋል፣ ለልጆቿም።»

ከስልኩ ወዲያ የታክሲ ጡሩምባ ይሰማል።

«እንግዲያ አትመጡም ማለት ነው» አለ ታደሰ። አልጠየቀም፣ እንዲሁ ነው ያለው።

ግርማ ቀና ብሎ አየኝ። እንድመልስለት ፈልጎ ነበር፣ እኔ ደግሞ እሱ እንዲመልስ። ሊያም እርሳሷን አስቀምጣ ታየናለች።

«እንመጣለን እንጂ» አለ ግርማ። «ለጥየቃ።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያን ቃል አንድም ቀን ተናግረነው አናውቅም። ታደሰ «በሉ እሺ፣ ቤታችሁ ነው» አለና ተሰነባበቱ። ግርማ ተነስቶ የታጠበውን ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመረ። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩና እየተቀበልኩ አደረቅኩለት። ቁልፉን በኦክቶበር መጀመሪያ እንረከባለን። እንዲህ ደስ ብሎኝ እንዲህ ሆድ ብሶኝ አያውቅም።