የአቶ ኪራኮስ ወልደየስና የድንጋዩ መጠጥ ቤት ታሪክ

አቶ ኪራኮስ ወልደየስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ደምሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ተናኘወርቅ አየለ በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ጉለሌ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ግንበኛ ከነበሩት አባታቸው የድንጋይ ሥራን ተማሩ። በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሸዋወርቅ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው መክሊትንና ይዲድያን አፍርተዋል።

በ1984 ዓ.ም. ከነቤተሰባቸው ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ገብተው ፋልከንሪጅ በሚባለው ሰፈር ተቀመጡ። በዚያው ዓመት መሃል ከተማ በሚገኝ አሮጌ መጠጥ ቤት በጽዳት ሥራ ተቀጠሩ። ቤቱ ከመቶ ዓመት በፊት እዚሁ አካባቢ በተፈለጠ ቢጫ አሸዋማ ድንጋይ የተገነባ ነው። ፊት ለፊት ሁለት በሮች አሉት። አንዱ የወንዶች ነው፤ ሌላው ወንድና ሴት በአንድ ክፍል መጠጣት በተከለከለበት ዘመን ለሴቶች የተከፈተ ነው። አቶ ኪራኮስ ዘወትር በሴቶቹ በር ስለሚገቡ፣ ወጥ ቤት ይሠሩ የነበሩት ጓደኛቸው ዓብዱልቃድር «እትዬ ኪራኮስ መጡ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሙያቸውን ሲያውቅ የግድግዳውን ጥገና ሰጣቸው። ድንጋዮቹን ያያያዘው ኖራ መርገፉን ስላዩ፣ አባታቸው እንዳስተማሯቸው በጠንካራ ሲሚንቶ ደፈኑት። በየሰመሩ፣ ሙቀቱ ሲመጣ፣ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እኛን የእህታቸውን ልጆች በዚያ በኩል ይወስዱንና መኪናቸውን አቁመው ግድግዳውን ያሳዩን ነበር።

ድንጋዩ ግን የጠጣውን ውሃ የሚያስወጣው በኖራው በኩል ነበር። ሲሚንቶው መውጫውን ዘጋበት። በብርዱ ወራት ውሃው በረዶ እየሆነ ድንጋዩን ከውስጥ ሰነጠቀው። ጉለሌ ግድግዳ ውስጥ በረዶ አይገባም፤ ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ባለፈው ዓመት ግድግዳው አብጦ መሐንዲሶች መጡና ምክንያቱን ነገሯቸው። ቤቱ ተዘጋ፤ እንዲፈርስም ተወሰነ።

ልጃቸው መክሊት ሕንፃው አርጅቶ ነው ብላ ልታጽናናቸው ሞከረች። እሳቸው ግን «አላረጀም፤ እኔ ነኝ ያፈንኩት» አሏት። በማግስቱ መሮና መዶሻ ይዘው ሲሚንቶውን ሊያወጡ ሄዱ። ሲሚንቶው ሲላቀቅ የድንጋዩን ፊት ገሽልጦ ወረደ። መሣሪያቸውን እዚያው ጥለው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ምግብ እምቢ አሉ፤ ከቤትም አይወጡም ነበር። የልብ ሕመማቸው ጠንቶ በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ኑሃሚንን ትተው ሄደዋል። መጠጥ ቤቱ በሚቀጥለው ወር ይፈርሳል።

ብዙ ሰው ሊያጽናናቸው መጥቶ ነበር፤ አልተጽናኑም። እኛ ልናወርድላቸው ያልቻልነውን ሸክም እግዚአብሔር ከነፍሳቸው ላይ ያውርድላቸው።