ልጄ ያሳጠረው ንግግር

ሰኞ

ጻፍ ተክሌ። ዛሬም አመለጠኝ። ቁርስ በልቼ ከሶፋው ስነሳ ነው። ብዙ አይደለም። ብዙም ሆነ ትንሽ ሱሪ ማስቀየሩ ግን አልቀረም።

ሐኪሞቹ ምን እንደበላሁ፣ መቼ እንዳመለጠኝ፣ መቼ እንደያዝኩት በየቀኑ አስጽፍ ብለውኛል። ጥናት ነው። እንደኔ ሰገራ መያዝ ያቃታቸውን ሰዎች ሰብስበው በአዲስ ዘዴ ያሠለጥናሉ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የሚጽፍልኝ ተክሌ ነው፤ እዚሁ ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ከተማ፣ ከእኛ አፓርትመንት ፎቅ ላይ ይኖራል። ኤርፖርት ፓርኪንግ የማታ ሺፍት ስለሚሠራ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ለፈረንጆቹ የሚሆነውን ለይቶ በእንግሊዝኛ ይገለብጥላቸዋል። የቀረው የኔ ነው።

ልጄ ሰሎሞን መጻፍ አቅቶት አይደለም። አባት ለልጁ እንዲህ ያለ ነገር አያወራም። ተክሌ ግን አንዴ መኪናው ውስጥ የሆንኩትን አይቷል። ወንበሩን አጥቦ ሲጨርስ፣ ይሄ እኮ ሐኪም አለው አባባ አለኝ። ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ሲጠየቅ ግን ሰሎሞን መግባቱ አልቀረም። ያን ቀን እስክንመለስ ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

ማክሰኞ

ስልጠና ነበረኝ። ትንሽ ፊኛ በፊንጢጣ ያስገባሉ። ተክሌ፣ መቀመጫ ልበል ወይ አባባ ይለኛል። እኔ ያልኩህን ጻፍ።

ፊኛው በሽቦ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዟል። ሲነፉት ጨምድዶ መያዝ ነው። ስይዝ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ስለቅ ይወርዳል። ነርሷ ስኩዊዝ፣ ስኩዊዝ ትላለች፤ ጨምድድ ማለቷ ነው። ዛሬ መስመሩን ጫፍ አድርሼ አቆምኩት። አጨበጨበችልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ቂጡን ቋጠረ ተብሎ ይጨበጨብልኛል። ኮራሁ፣ ምን ልዋሽ።

እኔ የምፈልገው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቼ ማስቀደስ ነው። ይሄ ነገር ከያዘኝ ወዲህ ደጅ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው የማስቀድሰው። ሲጠይቁኝ ነፋስ እወዳለሁ እላለሁ። በቴክሳስ ሐምሌ ምን ነፋስ አለ? ሁሉም ያውቃል፣ ግን ማንም አይናገረኝም።

ፊኛውን ስታወጣው ደም ነበረበት። ሐኪሙን ጠራችው። ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብቶ አየ። ቅንጣት ሥጋ ቆርጦ በብልቃጥ አስወሰደ። ሊያስተረጉም የገባውን ሰሎሞንን ምንድነው አልኩት። ሩቲን ነው፣ ለሁሉም የሚደረግ ነው አለኝ።

ረቡዕ

ሽሮ በላሁ። አላመለጠኝም። ደም ግን አለ። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ነበረ፤ ኪንታሮት ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ይሄንን ለሐኪሞቹ ጻፍላቸው።

ሌላ የለም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰሎሞን ቀድሞኝ ያነሳል።

ሐሙስ

ሐኪሙ አስጠራን። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ብዙ ተናገረ። ወረቀት ላይ ቱቦ የመሰለ ነገር ሣለ፣ ጫፉ ላይ ክብ አደረገበት፣ ከዚያ እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። ነርሷ መሬት መሬት ታያለች።

ሰሎሞን ወደኔ ዞረና፣ "ደህና ነው አባባ። ትንሽ ቁስል ናት፣ ትታከማለች" አለኝ።

"ያ ሁሉ ንግግር ይሄን ብቻ ነው ያለው?"

"እንግሊዝኛ ይረዝማል።"

ስልጠናውስ አልኩት። ማሽኑ ተበላሽቷል አለኝ። ስንወጣ ሌላ ሽማግሌ ወደ ማሽኑ ክፍል ሲያስገቡ አየሁ።

ዓርብ

ሰሎሞን ሥራ አልገባም። ከሥራ የሚጠሩበት ቢፐር ሲጮህ አጠፋው።

ሚስቱ ጽጌ ቴሌቪዥን አስጮሁ ብላ የምትነጫነጭብኝ ሴት ናት። ዛሬ እሷው ከፍታ ሰጠችኝ። ከዚያ፣ ዓርብ ሆኖ፣ "የዶሮ ሾርባ ልሥራልዎት? ለታመመ ሰው ይፈቀዳል እኮ" አለችኝ። ለየትኛው የታመመ አልኳት። ባኞ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችው። ቶሎ አልወጣችም።

እኔ መርዶ ነጋሪ ነበርኩ። ሱዳን ካምፕ እያለን ወሬ ሲመጣ ድምፁ አይንቀጠቀጥም ብለው እኔን ነበር የሚልኩኝ። ሰው መርዶ ይዞ ሲዞር አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ደግ ይሆናል።

ተክሌን ዛሬውኑ ሐኪሙ ዘንድ ውሰደኝና አንተ አስተርጉም አልኩት። አመነታ። "ሰሎሞን ይቀየመኛል አባባ። እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው አይነገርም፣ ልቡ ይሰበራል።"

እንዲህ ያለ ምን? አልኩት። እጁ ቆመ። እሱንም ጻፍ፤ እጄ ቆመ ብለህ ጻፍ። ከዚያ መኪናህን አስነሳ።

ቅዳሜ

ትናንት ሐኪሙ ዘንድ ስንሄድ ቀጠሮ አልነበረንም። ሐኪሙ እስኪያየን ቁጭ አልን። ተክሌን አንዲት ቃል ብታጎድል ገዝቼሃለሁ አልኩት። ሐኪሙ ገረመው። ሐሙስ ሁሉንም የሰማሁ መስሎታል። አባቴ ያስብበታል ብሎ መልስ የሰጠው ልጄ ነው።

ተክሌ እኔን ሳያይ፣ "ነቀርሳ ነው አባባ። ካንሰር" አለኝ።

ያለው ጡንቻው ላይ ነው፣ ያ ሳሠለጥነው የከረምኩት ላይ። ከነጡንቻው ይቆረጣል። ፊንጢጣው ለዘለዓለም ተሰፍቶ ይዘጋል። ሰገራው በሆዴ በኩል ወጥቶ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ካልተቆረጠስ አልኩ። ይሰራጫል አለ። ከተቆረጠስ እድናለሁ ወይ? አላውቅም አለ። አላውቅም በማለቱ አከበርኩት።

ዛሬ ማለዳ ኮቴን ለብሼ የልጄን መኝታ ቤት አንኳኳሁ። ገና ሲያየኝ ገባው። ቁጭ ይበሉ አለኝ፣ እምቢ አልኩ፤ መርዶ ቆመው ነው የሚነግሩት። ሐኪሙ ያለውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳላሳጥር ነገርኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሕፃን ሆኖ እንኳ እንዲያ ሲያለቅስ አላየሁትም።

"ልብዎ እንዳይሰበር ብዬ ነው" አለ።

"የታመመው ሌላ ቦታ ነው። ልቤ ደህና ነው" አልኩት።

ሐኪሙ ሰኞ መልስ ይፈልጋል። እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። ከረጢት ያንጠለጠለ ሰው ቅዳሴ ይገባ እንደሆነ ነገ ቄሱን እጠይቃለሁ። አይገባም ካሉኝ ምን እንደምል አላውቅም።

ሰሎሞን በሩ ጋ ቆሞ፣ ለተክሌ ይሄንን ስናገር ይሰማል። አላባረርኩትም።