ማሳዬን አጽድቼ ስለ ጠበቅኋችሁ

ለተከበሩ የሰብል መድን ድጎማ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ዓይንዎም ከመንገድ ዳር አልፎ የሚያይ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ የጉዳት መዝገብ የሌለው ገበሬ ከመድን ድጎማ እንዲወጣ ያዘጋጁትን ረቂቅ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መነጽሬን ወልውዬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የመድን ክፍያዬን ግማሹን መንግሥት ካልከፈለልኝ መድን መግባት አልችልም፤ መድን ከሌለኝ ደግሞ አንድ ቀን የጣለ በረዶ እኔንም ከበቆሎዬ ጋር ይነቅለኛል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ዓምና በረዶ ማሳዬን መትቶ፣ ጉዳት ገማቹ ባለሙያዎ ይመጣሉ በተባለ ጊዜ፣ የተሰበረውን አገዳ ለቅሜ፣ የተጋደመውን በእንጨት ደግፌ፣ የተበጣጠሰውን ቅጠል ቆርጬ፣ መግቢያውን ጠረግሁ። ያስተማሩን መምህርት እንግዳን በተዝረከረከ ቤት መቀበልን ከስድብ ይቆጥሩት ነበር። ባለሙያዎ ከመኪናቸው ሳይወርዱ «ማሳው ንጹሕ ነው፤ ጉዳት አልታየም» ብለው በመጻፋቸው አመሰግናለሁ። ንጽሕናዬ በማኅተም ሲረጋገጥልኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

፪. ድንበርተኛዬ ታናሽ እህቴ ናት፤ በልጅነታችን ከእኔ ደብተር እየቀዳች ክፍል ያለፈች። በዚያው በረዶ ማግስት አንድ አገዳ እንኳ ሳታነሣ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸውና «ከባድ ጉዳት» ተብሎ ተጻፈላት። በረዶው ከድንበራችን ሲደርስ እንደ ጨዋ ሰው አጎንብሶ መመለሱን ከመዝገብዎ ተማርሁ። በረቂቅዎ መሠረት እሷ በድጎማው ትቀጥላለች፤ እኔ እወጣለሁ። በካሳዋ ቤቷን አዲስ ቆርቆሮ አልብሳለች፤ ፀሐይ ስትወጣ ነጸብራቁ ቀጥ ብሎ በመስኮቴ እየገባ ዓይኔን ይወጋዋል። ቀንታ ነው የሚሉ አሉ። አልዋሽዎትም፣ ቀንቻለሁ፤ አርባ ዓመት ጎንበስ ብዬ ኮትኩቼ ያላገኘሁትን እሷ ቁጭ ብላ አገኘችው።

፫. እናታችንም የሚያለቅሰውን ልጅ አስቀድማ ታጎርስ ነበር፤ ዝም ያለው እንደ ጠገበ ይቆጠር ነበር። እናታችን ግን ለስድስት ልጅ የነበሯት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው። እርስዎ መሥሪያ ቤት ሙሉ ሠራተኛ እያለዎት በእሷ ዘዴ መሥራትን ለምን እንደ መረጡ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ባለሙያዎ ከመኪና ለመውረድ ለሚከፍሉት መሥዋዕትነት በቅድሚያ እያመሰገንሁ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ያለኝን አክብሮት ከነአቧራው እገልጻለሁ።

ንጽሕናዋ በመንግሥት መዝገብ የተመሰከረላት አሮጊት ገበሬ

ማስታወሻ፦ ትናንት በረዶው ተመልሶ መጥቷል። ዘንድሮ የወደቀውን እንደ ወደቀ ትቼዋለሁ፤ እጄን እንዳያሳክከኝም መጥረጊያዬንና ማጭዴን ጓዳ ቆልፌባቸዋለሁ። ታናሽ እህቴ ግን ዛሬ ጠዋት፣ በስልሳ ስምንት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ራርቶ፣ የራሷን ማጭድ ይዛ ማሳሽን ላጽዳልሽ እያለች ከአጥሬ በር ላይ ቆማለች። ባለሙያዎ እስኪደርሱ በሩን ይዤ እቆማለሁ፤ ጉልበቴ ግን፣ እንደ ድጎማዎ ሁሉ፣ ገደብ አለው።