ኮምፒውተሩ «የለም» ስላለው ቀይ ጽሑፍ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እርስዎና ቤተሰብዎ ስትታመሙ የምትታከሙት ሌላ ቦታ መሆኑን ስለማውቅ ደኅና እንደሆናችሁ ሙሉ እምነት አለኝ።

እኔ በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ ባለፈው ዓመት በጡረታ የተሸኘሁ ሴት ነኝ። በሽኝቱ ዕለት እጄን ጨብጠው የወረቀት ዘመን ማብቃቱን ሲያበሥሩኝ ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ እንደነበርኩ ምናልባት ያስታውሱ ይሆናል። አቧራው ሳንባዬን ጨርሶት ስለነበር ጭብጨባዬ የምር ነበር። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ለመጀመሪያው አቤቱታዬ መልስ ከሰጡኝ ወዲህ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ቢሮዎ በር ላይ መንገድ የጠፋባቸው ስለመሰለኝ ነውና ድፍረቴን በይቅርታ ያልፉልኝ ዘንድ እጅ እነሣለሁ። ምስጋናዎቼንም በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ያን ሁሉ ካርድ በአራት ወር ውስጥ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም። ለዚህ ሥራ የመጡት ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው በቀን ሁለት መቶ ካርድ እንዲጨርሱ ታዘው ስለነበር ካርዱን ገልጠው የውስጡን ብቻ ይገለብጡ ነበር፤ ሽፋኑን የሚያዩበት ጊዜ አልነበራቸውም። እኛ ደግሞ አንድ መድኃኒት የማይስማማውን ሰው የምንለየው በሽፋኑ ነበር። ሐኪሙ ሲነግረን ማስመሪያ አስደግፌ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከሩቅ በሚታይ ፊደል የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ይህንኑ በስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። የሲስተሙ ኃላፊ በትሕትና አዳመጠኝና የአለርጂ ጉዳይ በሁለተኛው ምዕራፍ እንደሚታይ፣ ስክሪኑ ላይ የሚሞላው የአለርጂ ሳጥን ግን ባዶ ሆኖ መቀመጥ ስለማይችል ኮምፒውተሩ ለጊዜው በራሱ «የለም» እያለ እንደሚሞላው አስረዳኝ። እኔም «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ይዤ ተቀመጥኩ። ጡረታ ልወጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶኝ ነበርና ስሜን በነገረኛነት ማስነሣት አልፈለግኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ስለሆነ ከእርስዎ ጋር ለመካፈል አልጠይቅም። ከሄድኩ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካርዶቹ በሙሉ በጭነት መኪና ተወስደው መቀደዳቸውን ሰማሁ። ሁለተኛውን ምዕራፍ ግን እስከ ዛሬ የሰማ ሰው አላገኘሁም።

ሁለተኛ፣ ስለ ታናሽ እህቴ አመሰግናለሁ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። በሃያ ዓመቷ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ሊገድላት ምንም ያልቀረው በመሆኑ በካርድ ክፍል ዘመኔ መጀመሪያ ላይ በቀይ ከጻፍኩባቸው ሽፋኖች አንዱ የእሷ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቱን ስም በቃሏ ልያዝ ብላ ተጨንቃ አታውቅም፤ ካርዷ ያስታውስላት ነበር። ከአምስት ወር በፊት መቀስ መዳፏን ቆርጧት ቁስሉ ሲያመረቅዝ ይዣት መጣሁ። ወረፋው በማሽን ቁጥር ነው፤ ወንበሩም አዲስ ነው፤ ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን አንጋጦ ያያል። እህቴ ስትጠራ አብሬያት ልግባ ብዬ ተነሣሁ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሲስተሙ የሚያስገባው አንድ ታካሚ ብቻ መሆኑን ነገረኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ከእህቴም ከነርሷም አፍ ሰምቻለሁ። እህቴ ለነርሷ «የማይስማማኝ መርፌ አለ፤ ካርዴ ላይ በቀይ ተጽፏል፤ እሱን እይልኝ» አለቻት። ነርሷ ክፉ ልጅ አይደለችም። ስክሪኑን ወደ እህቴ አዙራ በጣቷ እያሳየቻት፣ «እናቴ፣ ካርድ እኮ ቀርቷል። ይኸው፣ ‹የለም› ነው የሚለው» አለቻት። ጽሑፉ አረንጓዴ ነበር አሉ። እህቴም ኮምፒውተር ከእሷ የተሻለ እንደሚያውቅ አምና እጅጌዋን ሰበሰበች።

ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መዳፌን በላኝ አለችኝ፤ ከቁስሉ መስሎኝ አታኪው አልኳት። ቀጥሎ ከንፈሯ ማበጥ ጀመረ። ጉሮሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ ስትዞር ያየኋት ፊት የዛሬ ሠላሳ ዓመት ካየሁት ፊት ጋር አንድ ነበር። የመድኃኒቱን ስም እየጮህኩ በሩን ስደበድብ ነርሷ ማርከሻውን ይዛ ሮጣ ባትደርስ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ሌላ ዓይነት ይሆን ነበር። እህቴ ስድስት ቀን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ተኝታ ሰነበተች። ተርፋለች፤ ክብር ለሚገባው ይሁን። ድምፅዋ ግን እስከ ዛሬ የሻከረ ነው፤ ቀኝ እጇም ስለሚንቀጠቀጥ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማሳለፍ አቅቷታል። የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፍነነዋል።

ሦስተኛ፣ መልስዎ በማኅተም ስለደረሰኝ ታላቅ ክብር ተሰምቶኛል። ጉዳዩን መርምራችሁ፣ በሲስተሙ መዝገብ መሠረት ታካሚዋ አለርጂ የሌላት መሆኑ ስለተረጋገጠ የደረሰባት ሕመም ከመርፌው ጋር የሚያያዝበት ምክንያት አልተገኘም ብለዋል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እህቴ ደግሜ እንዳነብላት ስትጠይቀኝ ግን ዓይኔን አመመኝ ብዬ አጠፍኩት።

አራተኛውን እንዴት እንደምጽፍልዎ አላውቅም። ነርሷ በዕረፍት ቀኗ እቤታችን መጣች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ይቅርታ ጠየቀችን። እህቴ ናት እንደምንም ብላ ያጽናናቻት። ልጅቱ በዚያው ዕለት የእህቴን አለርጂ ኮምፒውተሩ ላይ ልታርም ሞክራ እንደነበር ነገረችን። ሳጥኑ የተቆለፈ ስለሆነ ከበላይ ፈቃድ ካልመጣ አይከፈትም። ፈቃድ ብትጠይቅ ሲስተሙ ስሕተት እንደሌለበት ተነገራት። እሷም በቁራጭ ወረቀት «አለርጂ ካለብዎት ጮክ ብለው ይናገሩ» ብላ ጽፋ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ብትለጥፍ፣ ጎብኚዎች ስለሚመጡ መልክ ያበላሻል ተብሎ ተነሣባት። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችን፦ «አሁን ‹የለም› ሲለኝ አላምነውም። ግን መርፌውን እወጋለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

እሷ ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ ማስታወስ ጀመርኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በቀይ የጻፍኩባቸው ሰዎች ስንት እንደሆኑ አላውቅም፤ ከስድስት መቶ አያንሱም። ፊታቸውና ሰፈራቸው ትዝ ያለኝ ስልሳ ሦስት ናቸው። ለእነዚህ እንኳን ልድረስላቸው ብዬ በእግሬ መዞር ያዝኩ። አንዳንዱ አብዳለች ብሎ በሩን ዘጋብኝ። አንዷ መምህርት ግን የመድኃኒቱን ስም መዳፏ ላይ አስጽፋኝ ስማ ሸኘችኝ። ሃያ ሁለት ሰው አግኝቻለሁ።

ሃያ ሦስተኛው ቁመተ ረጅሙ አናጢ ነበር። ካርድ ክፍል ሲመጣ መስኮቷ ስለማትበቃው ጎንበስ ብሎ ያወራኝ ነበር። የቤቱን በር ጥቁር የለበሰች ሚስቱ ከፈተችልኝ። ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጥርሱ ሥር አብጦበት ወደ እናንተ መጥቶ ታክሞ እንደነበርና ማምሻውን ትንፋሽ አጥሮት እንዳረፈ ነገረችኝ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው እንዳሏት ጨመረች። እኔም ምን መርፌ እንደወጉት አልጠየቅኳትም። ይኸው እስካሁን አልጠየቅኩም። ልቡ ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። የሚያውቀው ካርድ ተቀድዷል፤ ያልተቀደደው ደግሞ «የለም» ነው የሚለው።

ክቡር ዳይሬክተር፣ የምለምንዎ ሲስተሙን እንዲያፈርሱ አይደለም። ኮምፒውተር ጠላቴ አይደለም፤ ብቻውን የተወው ሰው ነው ያስፈራኝ። ከሆስፒታሉ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ይለጠፍልኝ፦ በቀድሞ ካርዱ ሽፋን ላይ ቀይ ጽሑፍ የነበረው ሰው ሁሉ መጥቶ ያስመዝግብ። የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና አራት ብሎን ነው፤ ወረቀቱን እኔ አመጣለሁ። ይህን ጥያቄዬን ማስታወቂያው ሕዝቡ በቴክኖሎጂው ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል በሚል እንዳልተቀበሉት ሰምቻለሁ። ስለ እምነታችን መጨነቅዎ ልቤን ነክቶታል። እኔ ግን የቀሩት አርባ ሰዎች ያስጨንቁኛል፤ ከእነሱ ይልቅ ደግሞ መልካቸው ጨርሶ ትዝ ያላለኝ እነዚያ ከአምስት መቶ በላይ የሆኑት። ዛሬ ጠዋት ከመካከላቸው ስንቱ ቁጥር ይዞ አዲሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሆን?

ዘመንዎ የተባረከ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ስክሪንዎም ሁልጊዜ አረንጓዴ ይሆን ዘንድ እየተመኘሁ፣ መልስ ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ነገ ጠዋት ወደ ሃያ አራተኛው ቤት የምሄድ፣

በአክብሮት እጅ የምትነሣዎ
የቀድሞ የካርድ ክፍል ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ የእህቴ ስልክ ጮኸ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ውድ ታካሚያችን፣ የሕክምና ክትትልዎን ለማጠናቀቅ ሁለተኛውን የፔኒሲሊን መርፌዎን ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀርበው እንዲወስዱ እናስታውሳለን። ስለ ጤናዎ እናስባለን።» እህቴ መነጽሯን ስላላደረገች ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። እየፈለጉሽ ነው አልኳት። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮውን እኔ አከብርላታለሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ የሚገባውን ሰው ሁሉ ካርዱ ላይ ቀይ ጽሑፍ ነበረ ወይ ብዬ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ጥበቃው ቢያስነሣኝ እንዳይቆጡት፤ ሲስተሙ የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ያውቃል፣ የሚወጣውን ግን እሱም አይቆጥርም።