6,400 ኪሎ ሜትርን በአራት ሰዓት ስለሚጨርሰው ማስታወቂያ

ለተከበሩ የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ መስታወት የጠራ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወንበርዎ የለሰለሰ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከፊት ለፊትዎ በርና መስኮት የምበይደው ጎረቤትዎ እጅ እነሣለሁ። እስከ አምና በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው፤ ዘንድሮ የማታ ትምህርቴን ከሃያ ሦስት ሰው አንደኛ ወጥቼ ስለጨረስኩ አውራ ጣቴ ጡረታ ወጥቷል። የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ለእርስዎ ስለደረሰዎት እንኳን ደስ አለዎት።

ታላቅ እኅቴ እናንተ ወደምትበሩበት ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች። መድኃኒቷ እዚያ ስለጠፋ ባለቤቴ ሐሙስ በበረዶ ሣጥን ይዛላት ትሄዳለች። ፋርማሲስቷ «በረዶው የሚቆየው ስድስት ሰዓት ነው፤ ካለፈ ጣሉት» ብላናለች። ትልቅ ሣጥን እናንተው አታስገቡም፤ ሌላ ብልቃጥም የለም። እንግዲህ ቅሬታዬ፦

1. መስታወትዎ ላይ «ርቀት 6,400 ኪሎ ሜትር፣ የጉዞ ጊዜ 4 ሰዓት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ አውሮፕላኑ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ይበራል ይላል። ባካፍለው ስምንት ሰዓት ሆነ። መምህሬም አካፈለች፣ ስምንት። እኔን ማመን የማይሆንላት ባለቤቴ እንኳ በጣቷ ቆጥራ ስምንት አለች።

2. ምሥጢሩን ደርሼበታለሁ። አውሮፕላኑ ከዚህ ጠዋት በሦስት ተነሥቶ እዚያ በእነሱ ሰዓት በሰባት ይደርሳል። የእነሱ ሰዓት ከእኛ በአራት ወደ ኋላ መሆኑን ዘንግታችሁ ከሰባት ላይ ሦስት ቀንሳችሁ ለጠፋችሁ። ቅነሳችሁ ልክ ነው፤ ሙሉ ማርክ ይገባችኋል። በረዶ ግን ሰዓት አያይም።

3. በደንባችሁ መሠረት መድኃኒት በአውሮፕላኑ ማቀዝቀዣ የሚቀመጠው ጉዞው ከአምስት ሰዓት ሲበልጥ ነው። ይህንኑ ስጠይቅ የቲኬት መስኮቷ ሠራተኛ «የኔ ወንድም፣ አራት ሰዓት ነው የሚለው፤ አይፈቀድም» አለችኝ። «አንቺ ራስሽ በረሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ እኅቴ?» አልኳት። «ሁለቴ። ስምንት ሰዓት ነው የፈጀብኝ። የተጻፈው ግን አራት ነው» አለች። ዓይኗ ያየውን ትታ ወረቀት የምታምን ሠራተኛ ስላፈሩ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ያቺን «4» ደልዘው «8» እንዲጽፉ፣ ወይም ለአንዲት ብልቃጥ የማቀዝቀዣ ፈቃድ እንዲፈርሙ በትሕትና እለምናለሁ። ቀለሙን ከፈለጉ እኔ አመጣለሁ፤ መሰላልም አለኝ።

በማያልቅ አክብሮት፣ ዓይኑን ከበርዎ ላይ ሳይነቅል የሚጠብቅዎ፣
በያጁ

የተረሳ ነገር፦ እኅቴ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ መድኃኒቱ ተበላሽቶ ከደረሰ ማብራሪያዎን በማኅተም አስጊጠው ሊልኩላት አይችሉም፤ አልጋዋ አጠገብ ቆመው በአፍዎ ይነግሯታል። መንገዱ እንደሆነ አራት ሰዓት ብቻ ነው።